ፈጣሪ መኖሩ እንደየሰው ነው ወይ?

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው አቆይቼ እነዚህን አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፤ ጉዳዩ ስለሚገባው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ወንድሜና የአክስቴ ልጅ በተገናኙ ቁጥር ስለ ፈጣሪ ይከራከራሉ። የአክስቴ ልጅ «ፈጣሪ መኖሩ ሐቅ ነው፣ አለቀ ደቀቀ» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ሐቅ ማለት የሚታይና የሚለካ ነገር ነው፤ ይሄኛው እንደየሰው ነው፤ ለአንተ አለ፣ ለእኔ የለም» ይለዋል። መሀላቸው ተቀምጬ ስሰማ አንዴ ይሄኛው፣ አንዴ ያኛው ልክ ይመስለኛል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ? እባክዎ ዳር ዳር ሳይሉ ይመልሱልኝ።

መልስ፦ እሺ እህቴ፣ ዳር ዳር የለም። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ፈጣሪ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ካለ፣ ወንድምሽ ባያምንበትም አለ። ከሌለ፣ የአክስትሽ ልጅ ዕድሜ ልኩን ቢጸልይም የለም። «ለአንተ አለ፣ ለእኔ የለም» ማለት ክርክር ለማብረድ ይመች ይሆናል፤ ስለ ፈጣሪ ግን አንዲት ነገር አይነግረንም። የሚነግረን ስለ ሁለቱ ልጆች ነው፤ አንዱ እንደሚያምን፣ ሌላው እንደማያምን። እሱን ደግሞ ድሮም እናውቀዋለን።

ይህን ማለቴ ለአክስትሽ ልጅ መፍረዴ አይደለም። እሱም «አለቀ ደቀቀ» ሲል አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል፤ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚያናግርሽ እወቂ። እኔ አማኝ ነኝ። የምጽፈውን ይህን እያወቅሽ አንብቢው፤ የተጣመመ ካገኘሽበትም አትቀበይኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። አንድ ነገር መኖሩ ሌላ ነው። መኖሩን ማወቃችን ሌላ ነው። ያወቅነውን ለሌላ ሰው ማሳየት መቻላችን ደግሞ ሌላ ነው። ወንድምሽ ሦስቱን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል።

አንድ ልጅ ከቤት ወጥቶ ጠፋ እንበል። ዓመታት አለፉ፣ ወሬው የለም። እናቱ «ልጄ በሕይወት አለ» ትላለች። አባቱ ተስፋ ቆርጧል። ዘመድ አዝማዱ ግማሹ ከእሷ፣ ግማሹ ከእሱ ጋር ነው። ማረጋገጫ ያለው ሰው የለም፤ ምናልባትም እስከ መጨረሻው አይገኝ ይሆናል። ታዲያ የዚህ ልጅ በሕይወት መኖር እንደየሰው ነው? አንድ ሰው መጥቶ እናቲቱን «ለአንቺ አለ፣ ለአባቱ ግን የለም» ቢላት አጽናናት ነው የምንለው ወይስ ተሳለቀባት? ልጁ የሆነ ቦታ ወይ ይተነፍሳል፣ ወይ አይተነፍስም። የእናትየው ተስፋ አያኖረውም። የአባትየው ተስፋ መቁረጥም አይገድለውም።

ይሄ ምሳሌ ልብ ስለሚነካ አሳሳተኝ እንዳትይ፣ ስሜት የሌለበት ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ1742 ክርስቲያን ጎልድባክ የተባለ ሰው ለታላቁ የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ደብዳቤ የተነሳው ሐሳብ ዛሬ እንዲህ ይባላል፦ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮች) ድምር ነው። 8 ብትይ 3 እና 5፤ 20 ብትይ 7 እና 13። በኮምፒውተር እስከ 4 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ተፈትሾ አንድም ያፈነገጠ ቁጥር አልተገኘም። ሆኖም ለሁሉም ቁጥር እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ ሰው የለም። ታዲያ በዚህ ምክንያት «እንደየሰው ነው» የሚል የሒሳብ ሰው አለ? የለም። ሐሳቡ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ሐሰት፤ እኛ እስክንደርስበት ቆሞ አይጠብቅም።

ወንድምሽ «ፈጽሞ ሊታወቅ የማይችል ከሆነስ?» ሊልሽ ይችላል። ኦጉስት ኮምት የተባለው ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1835 ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ የሰው ልጅ መቼም አያውቅም ብሎ ጻፈ። እሱ በ1857 ሞተ። በ1859 ኪርሾፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ጀርመኖች ብርሃንን በመተንተን ፀሐይ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ማንበብ ጀመሩ። ኮምት «አይታወቅም» ብሎ ሲጽፍም ከዋክብቱ በብዛት ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነበሩ። ፈጣሪም አንድ ቀን በመሣሪያ ይገኛል እያልኩሽ አይደለም፤ እንደዚያ አላምንም። የምልሽ «አናውቅም» እና «እንደየሰው ነው» በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው ነው። የመጀመሪያው ስለ እኛ አቅም የሚናገር ሐቀኛ ቃል ነው። ሁለተኛው ግን ጥያቄውን ራሱን ያጠፋዋል።

ደግሞ «ሐቅ ማለት የሚለካ ነገር ነው» የሚለው የወንድምሽ አባባል ራሱ በምን ተለካ? በየትኛው ቤተ ሙከራ ተፈተሸ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኤየር እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን ሐሳብ በጠንካራው መልኩ አቅርቦት ነበር፤ በስሜት ሕዋሳት ሊፈተሽ የማይችል አባባል፣ ሒሳብና ሎጂክ ካልሆነ በቀር፣ ትርጉም የለውም አለ። ልብ በይ፣ እሱ እንኳን «እንደየሰው ነው» አላለም። ያለው «ፈጣሪ አለ» የሚለውም «ፈጣሪ የለም» የሚለውም እኩል ባዶ ነው ነው። ችግሩ፣ መስፈሪያው በራሱ ሲሰፈር ወደቀ። እሱም በስሜት ሕዋሳት አይፈተሽማ። ከዓመታት በኋላ ኤየር ራሱ ያ ሥራው ባብዛኛው ስሕተት እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

እንደየሰው የሚባል ነገር የለም እያልኩ እንዳይመስልሽ። አለ። የትኛው ዜማ ይጣፍጣል፣ የትኛው ቀለም ያምራል የሚለው እንደየሰው ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ስለ ሰሚውና ስለ ተመልካቹ ነው። አማኝ «ፈጣሪ አለ» ሲል ግን ስለ ራሱ ስሜት እየተናገረ አይደለም። የሚጸልየው ለራሱ አመለካከት አይደለም። የማያምነውም «የለም» ሲል ስለ ዓለም እየተናገረ ነው፤ ይህ ሁሉ ያለ ፈጣሪ ቆሟል እያለ ነው። ሁለቱም ከባድ ነገር ተናግረዋል። «እንደየሰው ነው» ስንላቸው ሁለቱንም ያልሰማናቸው ያህል ነው፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ከክርክሩ በፊት መጣራት አለበት፦ «ፈጣሪ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስልና ካህኑ ፍሬዴሪክ ኮፕልስተን በዚሁ ጉዳይ ተከራክረው ነበር። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በፍቺ መስማማት ነው፤ ከዓለም የተለየ፣ ዓለምን የፈጠረ፣ የራሱ ማንነት ያለው የሁሉ የበላይ። ከዚያ ኮፕልስተን «አለመኖሩ ሊረጋገጥ ይችላል ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ራስል አይ፣ እኔ አላውቅም ከሚሉት ወገን ነኝ አለ። ብዙ ተባባሉ፣ አልተስማሙም። መልስ ያለው ጥያቄ እየተከራከሩ መሆናቸውን ግን አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። የአንቺዎቹ ልጆች አንዱ ፈጣሪ ሲል ሰማይና ምድርን የፈጠረውን፣ ሌላው ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ ያለ ደግነትን ማለቱ ከሆነ እስከ ንጋት ቢጨቃጨቁ አይገናኙም። እስቲ ጠይቂያቸው።

አሁን የአክስትሽ ልጅ። «ሐቅ ነው» ሲል መልሱ በእኛ ፍላጎት አይወሰንም ማለቱ ከሆነ ከጎኑ ነኝ። ግን «አለቀ ደቀቀ» ብሏል። ተረጋግጧል፣ ማስተዋል ያለው ሰው አይጠራጠርም እያለ ነው። ይሄ ልክ አይደለም።

ክርክሮች አሉ፣ ጠንካሮችም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው ፈላስፋ ኢብን ሲና ያቀረበው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነገር ሁሉ ለመኖሩ ምክንያት ይፈልጋል። እነዚህን ነገሮች በሙሉ ብትደምሪያቸው ድምሩም ያው ምክንያት ይፈልጋል። ስለዚህ ምክንያት የማይፈልግ፣ አለመኖር የማይችል አንድ መኖር አለበት። በፈላስፋው በዘርዓ ያዕቆብ ስም የተላለፈልን የግዕዝ ጽሑፍም በሌላ መንገድ ወደዚሁ ይመጣል፤ እኔን ወላጆቼ ወለዱኝ፣ እነሱን ወላጆቻቸው፣ እያሉ ወደ ኋላ ቢሄዱ ማንም ያልፈጠረው አንድ ፈጣሪ ላይ መድረስ ግድ ነው ይላል። ራስል ግን ለዚህ ዓይነቱ ክርክር መልሱ አጭር ነበር፤ ጠቅላላው ዓለም ዝም ብሎ አለ፣ ምክንያት አይጠየቅለትም። እኔን አላረካኝም፣ ብዙ አስተዋይ ሰዎችን ግን ያረካል። በዚያ ላይ የንጹሐን ሥቃይ አለ። ሁሉን የሚችልና ሁሉን የሚወድ ካለ ሕፃን በሕመም ለምን ይሠቃያል? ይህን ጥያቄ በአንድ ጥቅስ የሚዘጋ አማኝ ጥያቄውን አልሰማውም።

በሳይንስ የተረጋገጠ ነው የሚሉም አሉ፤ ዓለም መጀመሪያ አለው ስለተባለ። ያንን ሐሳብ ከጀመሩት አንዱ ዦርዥ ለሜትር የሚባል የካቶሊክ ቄስ ነበር። እሱ ራሱ ግን ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ለፈጣሪ ማስረጃ ሲደረግም አይወድም ነበር። ቄሱ ያልወደደውን ማስረጃ የአክስትሽ ልጅም ቢተወው ጥሩ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ቁርጥ ያለ መልስ አለው፣ እኛ ግን ሁሉን የሚያስማማ ማረጋገጫ የለንም። እዚህ ላይ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1781 ሰው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚይዝበትን መንገድ በሦስት ከፈለው። አስተያየት አለ፤ ያዡ ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበት፣ ለሌላም የሚበቃ ማስረጃ የሌለው። ዕውቀት አለ፤ ለራስም ለሌላም የሚበቃ። በመሀላቸው ደግሞ እምነት አለ፤ ሰውየው ቆርጦ የያዘው፣ ሕይወቱን የሚመራበት፣ ለሌላው ግን እንደ ዕውቀት ማሳየት የማይችለው። ካንት የፈጣሪን መኖር አእምሮ በንድፈ ሐሳብ ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም አይችልም ካለ በኋላ ያስቀመጠው እዚህ መሀል ላይ ነው እንጂ አስተያየት ውስጥ አይደለም። ወንድምሽና የአክስትሽ ልጅ የሚጣሉት ሁለት ሣጥን ብቻ ስላላቸው ይመስለኛል። የተረጋገጠ ወይም እንደየሰው። ሦስተኛውን ንገሪያቸው።

ብዛትም አይዳኛቸውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፈላስፎች ተጠይቀው 73 በመቶ ያህሉ ፈጣሪ የለም ወደሚለው አዘነበሉ። በሃይማኖት ፍልስፍና ላይ የሚሠሩት ብቻ ሲለዩ ደግሞ 72 በመቶ ያህሉ አለ ወደሚለው። አንዱ ወገን «ባለሙያዎቹ እነሱ ናቸው» ሊል ይችላል፣ ሌላው «ዘርፉን የመረጡት ድሮም ስለሚያምኑ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም ያስኬዳል። ፈጣሪ ግን በድምፅ ብልጫ አይኖርም፣ በድምፅ ብልጫም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በሃይማኖት ስም የተነሳ ጥል በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። «እውነቱ እኔ ጋር ነው» የሚል ሰው ሌላውን ማስገደዱ አይቀርም። እንግዲያው ለሰላም ሲባል እምነት ሁሉ የግል አስተያየት ነው ብለን ብንስማማ አይሻልም ወይ? ትክክለኛነቱ ቢቀር ጠቃሚነቱን አይተው ቢመልሱልኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሥጋትዎ ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ ይገባኛል። መድኃኒቱ ግን ያ አይመስለኝም። እንዲያውም በሽታውን ያባብሰዋል ብዬ እፈራለሁ።

«ማንንም በእምነቱ አታስገድድ» የሚለውን ይውሰዱት። ይሄ ራሱ እንደየሰው ነው ካልን አስገዳጁ ተነስቶ «ለእናንተ ክፉ ነው፣ ለእኔ ግን ደግ ነው» ቢለን ምን እንመልስለታለን? አፋችንን ይዘን እንቀራለን። ልናቆመው የምንችለው ሰውን ማስገደድ በእውነት ክፉ ነው፣ አንተ ብትስማማም ባትስማማም ክፉ ነው ስንለው ብቻ ነው። እውነትን ከመንገዱ ያነሳነው ለሰላም ብለን ከሆነ ሰላሙም አብሮ ይሄዳል።

ትሕትናም ቢሆን እውነትን ይፈልጋል። መልስ በሌለው ጥያቄ ማንም አይሳሳትም። «ለእኔ እንዲህ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ሊታረም አይችልም፣ ማንም አይደርስበትማ። መልስ ያለው ጥያቄ ነው ብዬ ካመንኩ ግን እኔም ልሳሳት እችላለሁ፣ እርስዎን መስማት ያስፈልገኛል፣ ያላየሁትን እርስዎ አይተውት ይሆናል። እኔ የምሰጋው እውነት አለ ከሚለው ሰው ይልቅ እውነትን ጨርሼ ይዣታለሁ ከሚለው ነው። ሁለቱን አንድ አናድርጋቸው።

በታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1553 ሚካኤል ሰርቬተስ የተባለ ሐኪም ስለ ሥላሴ በጻፈው ምክንያት ጄኔቫ ውስጥ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ይህን ከተቃወሙት ሁሉ ድምፁ የጎላው ሴባስቲያን ካስቴልዮ ነበር። ካስቴልዮ ነገሩ ግድ የማይሰጠው ሰው አልነበረም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲንና ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመ ጥልቅ አማኝ ነው። ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው ሲገደል ትምህርት አልተጠበቀም፣ ሰው ተገደለ። እውነት የለም አላለም። እውነት በእሳት አትጠበቅም ነው ያለው። ጋሼ፣ እኔ ለልጆቻችን ቢደርስ የምመኘው የዚህን ሰው አቋም ነው። ስለ ፈጣሪ አጥብቆ የሚያምን፣ ስለ ጎረቤቱ ሕሊና ደግሞ አጥብቆ የሚከላከል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነበረም፣ አለም።

ጥያቄ፦ ሰላም። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሌላ አገር፣ ከሌላ እምነት ቤተሰብ ብወለድ ኖሮ ያንን እምነት ይዤ ዛሬ እንደማምነው አምነው ነበር። ታዲያ እምነቴ የትውልድ ቦታዬ ውጤት ከሆነ አስተያየት እንጂ ምን ይባላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ቢነሳህ አይገርምም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ይህንኑ ጽፏል፤ ለንደን ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ያደረገህ ምክንያት ቤጂንግ ላይ ቡዲስት ወይም የኮንፊሽየስ ተከታይ ያደርግህ ነበር ይላል። ከእሱ 700 ዓመት በላይ ቀድሞ ደግሞ ሙስሊሙ ሊቅ አል-ጋዛሊ አይቶታል። የክርስቲያን ልጆች ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጆች አይሁድ፣ የሙስሊም ልጆች ሙስሊም ሆነው ሲያድጉ አየ። ልቡ ታወከ። ግን «እንግዲያው ሁሉም አስተያየት ነው» ብሎ አልተኛም። ከቤት የወረስኩትን ትቼ በእርግጥ የማውቀው ምንድን ነው ብሎ ፍለጋ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ባግዳድ ውስጥ የነበረውን ታላቅ የመምህርነት ወንበር እስከ መተው ደረሰ። ፍለጋው ወደ እስልምናው መለሰው፤ ሲመለስ ግን እምነቱ የራሱ ሆኖ ነበር።

እምነትህ ከየት መጣ የሚለውና እምነትህ እውነት ነው ወይ የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። ከ2000 ዓመት በፊት ብትወለድ ምድር አትንቀሳቀስም ብለህ ታምን ነበር። ምድር መንቀሳቀሷ በዚህ ምክንያት አስተያየት ይሆናል? አይሆንም። ደግሞ ይሄ ክርክር አማኙን ብቻ አይነካም። በማያምኑ ሰዎች መካከል ያደገ ሰውም ባያምን የትውልድ ቦታው አለበት። ሁሉንም እኩል የሚነካ ክርክር ማንንም ለይቶ አይጥልም።

እንዲህ ስልህ ግን ጥያቄህን ላቀልልህ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ኃይል አለው። ያልመረመርከውን በወረስከው ልክ አጥብቀህ እንዳትይዝ ያስገድድሃል። የጎረቤትህን እምነት ከጠላቶቹ አፍ ሳይሆን ከራሱ አፍ እንድትሰማ ያስገድድሃል። ሌላም ያስከትላል፤ ፈጣሪ እንዲታወቅ የሚፈልግ ከሆነ ለምን ለአንዱ ቅርብ፣ ለሌላው ሩቅ ሆነ? ሼለንበርግ የተባለ ካናዳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ክርክር አቀረበ፤ ልባቸውን ከፍተው እየፈለጉ ያላገኙ ሰዎች ካሉ፣ ሁሉን የሚወድ ፈጣሪ የለም ማለት ነው አለ። ለእኔ ከንጹሐን ሥቃይ ቀጥሎ የሚከብደኝ ይሄ ነው። የኔ መልስ ፈጣሪ ሰውን የሚጠይቀው በደረሰው ልክ ነው የሚል ነው፤ መልሱ ሁሉን እንደማይዘጋም አውቃለሁ። ግን ይህን እይ፦ የሼለንበርግ ክርክር ከገፋ «የለም» ወደሚለው ይወስድሃል። «እንደየሰው ነው» ወደሚለው ግን የትም አያደርስህም። ከባዱ ተቃዋሚ እንኳን ጥያቄው መልስ እንዳለው አምኖ ነው የተነሳው።

ስለዚህ መርምር። አንብብ፣ ጠይቅ፣ ከቻልክ የምታምነውን ከማያምን ግን ከማይሰድብህ ሰው ጋር ተወያይ። እየመረመርክ መጸለይም አይከለከልም።

ጥያቄ፦ የትዳር ጓደኛዬን ካጣሁ ወዲህ በጸሎት ሰዓት የሆነ ሰው አጠገቤ ያለ ያህል ሰላም ይሰማኛል። ልጄ ይወደኛል፣ ግን «እሱ የአእምሮሽ ሥራ ነው» ይለኛል። ይሄ የሚሰማኝ ነገር ለፈጣሪ መኖር ማስረጃ ይሆናል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ልጅዎ አእምሮ ይሠራል ያለው እውነት ነው። ግን ልጅዎን ፊት ለፊት ሲያዩትም አእምሮዎ እየሠራ ነው፤ ልጅዎ ግን በእውነት ቆሟል። አእምሮ መሥራቱ ብቻውን የሚሰማዎት ነገር ሐሰት መሆኑን አያሳይም። አእምሮ በሐዘን ጊዜ የሌለውን ሊያሰማ የሚችል መሆኑም እውነት ነው፤ ስለዚህ መሰማቱ ብቻውን እውነት መሆኑንም አያረጋግጥም።

የአእምሮ ሐኪሙ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ሃይማኖት ከሰው ጽኑ ምኞት የሚወለድ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ልጅዎ የሚለው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፍሮይድ ግን እዚያው ከምኞት የተወለደ ሁሉ የግድ ሐሰት ነው ማለት እንዳልሆነ ራሱ ጽፏል፤ የተመኙት ነገር እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያሉ የሰዎችን ገጠመኞች ሰብስቦ ያጠናው አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ያለው ለእኔ ልክ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ነገር ለደረሰበት ሰው ሥልጣን አለው፣ ይዞት ሊኖር መብቱ ነው። ውጭ ያለው ሰው ግን ሳይመረምር እንዲቀበለው ግዴታ አይሆንበትም።

ስለዚህ ራስዎን እያታለሉ ነው አልልዎትም። ለእርስዎ ማስረጃ ነው፤ ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ ባይሆንም ከሌላው የሕይወትዎ ልምድ ጋር ተደምሮ ሊመዘን የሚገባው ማስረጃ ነው። ጸሎቱን ይቀጥሉ። ለልጅዎ የሚሰማዎትን ሳይደብቁ ይንገሩት፣ እሱም ሳይስቅ ይስማዎት። እሱ ደግሞ እርስዎ የተሰማዎት ስላልተሰማው ባያምን አይዘኑበት፤ በሌለው ነገር ተመርኩዞ እንዲያምን ልንጠይቀው አንችልም።